የግምገማው ካርቱን

ልጄ ጥቁር ማርከር በከፈተች ቁጥር ሽታው ሆዴን ያባባዋል። "ቶሎ ግጠሚው" እላታለሁ። እንዳይደርቅ የምሳሳለት ይመስላታል።

ነገሩ የሆነው ፍኖተ ሰላም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር ነው፤ ግምገማ የሚባለው ነገር ከቀበሌ አልፎ መምህራን ማረፊያ ድረስ በገባበት ዘመን። እኔ ከቋሪት ወርጄ ቤት ተከራይቼ የምማር፣ እጁ ለሥዕል የሚታዘዝለት፣ ምላሱ ግን የተሳሰረ ልጅ ነበርሁ። የካርቱን ቀልድ መሥራት ያስተማሩኝ የግድግዳ ጋዜጣችንን የሚመሩት የአማርኛ መምህራችን ናቸው። መጀመሪያ የሠራኋቸው አያስቁም ነበር። አፍንጫ አስረዝማለሁ፣ ሆድ እነፋለሁ፣ በቃ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዩትና፣ "ይኼ ስድብ ነው እንጂ ቀልድ አይደለም፤ የተሣለው ሰውዬ ራሱ አይቶ ካልሳቀ ቅደደው" ይሉኛል። እቀድደዋለሁ። የከሰዓቱ ፀሐይ በተሰበረው መስኮት ገብቶ የጠመኔውን ብናኝ እያሳየን፣ ሦስት ሳጥን አስምሬ እንደገና እጀምራለሁ።

አንድ ቀን ራሳቸውን ሣልኋቸው። በመጀመሪያው ሳጥን ጀርባውን የሰጠን ሰብሳቢ "ግለ ሂስ የሚያደርግ?" ይላል። በሁለተኛው መምህሩ ያንኮራፋሉ። በሦስተኛው እንደተኙ እጃቸውን አውጥተው "ጥፋቱ የኔ ነው፤ አርማለሁ" ይላሉ። ግምገማ ላይ ያልተናዘዘ ሰው ስብሰባው ስለማያልቅለት፣ ሁሉም የሚሉት ይኼንኑ ነበር። እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። "አሁን ገባህ። በቀለም ሥራውና ለጥፈው" አሉኝ።

ጥጋቤ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በማርከር ስደግመው የሰብሳቢው ጀርባ ባዶ መሰለኝና አዞርሁት፤ ተማሪ የሚቆጣጠረውንና ግምገማውን የሚመራውን የዩኒት ሊደራችንን ዘመም ያለ ቆብና ቀጭን ሪዝ አደረግሁለት። ለመምህሩ ሳላሳይ ለጠፍሁት። በእረፍት ሰዓት ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ዳር ቆሜ ደረቴን ነፋሁ። ከምሳ ስንመለስ ወረቀቱ ተነሥቷል።

በሳምንቱ ያ ወረቀት የመምህራኑ ግምገማ ላይ ቀረበ አሉ። ማን እንደሣለው ሲጠየቅ መምህሬ "እኔ ነኝ" አሉ። ግምገማን በመናቅ ተብለው ሊበን አካባቢ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወሩ። እቤታቸው ሄጄ "እኔ ነኝ ብዬ ልናገር" ብላቸው፣ "ማትሪክ ሁለት ወር ቀርቶህ? አርፈህ አጥና" አሉኝ። ለሰብሳቢው ፊት ለምን እንደጨመርሁለት አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ዝም በል ሲሉኝ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

የሚሄዱ ዕለት በማለዳ መናኸሪያ ወረድሁ። ፍራሻቸው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እየታሰረ ነው፤ እሳቸው ገብተው በመስኮት በኩል ተቀምጠዋል። ልጠጋቸው ስል ዩኒት ሊደሩ ከየት መጣ ሳልለው አጠገቤ ቆመ።

"ሰው ልትሸኝ ነው?" አለኝ።

"የለም ቲቸር፤ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ልቀበል ነው።"

መስኮቱ ክፍት ነበር። መምህሬ እኔን አዩኝ፣ እሱንም አዩት፤ ከዚያ እንደማያውቀኝ ሰው ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። አውቶቡሱ ወጥቶ ከሄደም በኋላ እኔ ከዩኒት ሊደሩ ጎን እንደቆምሁ ዘመድ ስጠብቅ ቆየሁ።