የተዋስኩት ደብተር

ባጃጁ ሶዶ ገበያ አጠገብ ሲያልፍ ትኩስ የበቆሎ ዱቄት ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ባለወፍጮ ጋሽ ከድር፣ ትምህርት እንዳይረፍድበት ደብተር የያዘ ልጅ ያስቀድሙ ነበር። እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። አንድ ጠዋት የጎረቤት ልጅ ደብተር ተውሼ፣ ወረፋውን አልፌ ፊታቸው ቆምኩ። ደብተሩን ገልጠው «እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። አቀረቀርኩ።

በቆሎዬን ፈጩልኝና «የራስሽን ደብተር ካልያዝሽ ዳግመኛ እንደማልፈጭላችሁ ለእናትሽ ንገሪያት። ወፍጮዬ የልጅ ዕድሜ አይፈጭም» አሉኝ። ዕድሜ እንዴት እንደሚፈጭ አልገባኝም።

እናቴ «እሱን ምን አገባው!» ብላ ጮኸች። ግን ሌላ ወፍጮ ቅርብ አልነበረም፤ ሰኞ እያጉረመረመች አስመዘገበችኝ።

ባጃጁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ያረምኳቸውን የተማሪዎቼን ደብተሮች አቅፌ ወረድኩ።