ማርማላታ ሳማስል

እዚህ ኮሎምበስ፣ የሆቴል ሥራዬ በኮሮና የቆመ ሰሞን፣ ለልጄ የቲማቲም ማርማላታ ልሠራላት ተነሳሁ። የስኳሩና የቅርንፉዱ ሽታ ሲነሳ የእትዬ አስቴር ወጥ ቤት ትዝ አለኝ። እናቴ እዚያ ተቀጥራ ታበስል ነበር። እኔም ከሦስተኛ ክፍል አስቀርታኝ፣ ማርማላታውን አማስል ነበር።

«ዝፈኚ» ትለኛለች በሩን እያየች። «ድምፅሽ ለእትዬ ይሰማ።»

እናቴ ድምፄን የምትወደው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ማርማላታው ሲንተከተክ እያየሁ መዝፈን ረሳሁ። እናቴ ደንግጣ አገጬን ያዘች፤ አፌን ከፍታ ምላሴን አየች።

«አልቀመሰችም፣ እትዬ!» ብላ ተጣራች።

ልጄ ከኋላዬ መጥታ፣ «ማሚ፣ ዩ ሳውንድ ሃፒ» ስትለኝ ባነንኩ። ለካ እያንጎራጎርኩ ኖሯል። ማንኪያውን ሰጠኋትና «እንኪ፣ ቅመሺ» አልኳት። የእኔ አፍ ግን አልደፈረም።