ያልደወልኩት ስልክ

እስከ ሰሞኑ ድረስ ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህቺን ውጬ ተመልሻለሁ። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ እናገራለሁ። እንዳታዝኑልኝ ግን።

ሐዋሳ ውስጥ የኔ ሥራ መሥሪያ ቤቶችን ማገናኘት ነበር። መንገድ ሲሠራ ከሥሩ የውሃ ቧንቧ አለ፣ የመብራት ገመድ አለ፤ አንዱ የሠራውን ሌላው እንዳያፈርስ ማን መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ የምነግረው እኔ ነበርኩ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አንድ የውስጥ መንገድ ላይ ለጎርፍ መውረጃ ጥልቅ ቦይ ተቆፈረ። መሐል ላይ የውሃ ቧንቧ ተገኘና የውሃ ሠራተኞች እስኪያነሡት ሥራው ቆመ። በስብሰባ የተስማማነው ግልጽ ነበር። የመንገዱ ተቋራጭ አጥሩን ነቅሎ በሚወጣበት ቀን እኔ ለውሃው ሥራ ኃላፊ እደውላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ በዚያኑ ዕለት የራሳቸውን አጥርና ጠባቂ ያቆማሉ።

ኃላፊዋ ወይዘሮ አሰለፈች ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከደብረ ብርሃን ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ነበሩ። በዚያ ስብሰባ ላይ «አንተ ሁልጊዜ ታዘገየናለህ» ብለው በሰው ፊት ገሥጸውኝ ነበር። ቂም ያዝኩ። ተቋራጩ በወጣ ቀን ስለ ሌላ ሰፈር ቧንቧ ደጋግመው ሲደውሉልኝ በአጭር በአጭሩ መለስኩላቸው፤ ስለ ቦዩ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ረስቼ አይደለም። አኩርፌ ነው። በሰው ሕይወት ላይ የሚያኮርፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ቦዩ ሞልቶ ከመንገዱ እኩል ሆነ፤ ላየው ሰው አስፋልት ላይ የተኛ ውሃ ነው የሚመስለው። ዳንጊሶ የሚባል ባለ ባጃጅ ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስ ገባበት። ባጃጁ ተገልብጦ ላዩ ላይ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

በማግስቱ አለቃዬ ወይዘሮ አሰለፈችንና እኔን አስቀምጠው «ተቋራጩ መውጣቱ ለእሳቸው ተነግሯል ወይስ አልተነገረም?» አሉኝ። እስር ቤቱ ታየኝ። ልጆቼ ታዩኝ።

«ነግሬያቸዋለሁ፣ በስልክ» አልኩ።

ወይዘሮ አሰለፈች ዞረው አዩኝ። አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ ኖሮ!

«ስለ ቦዩ ነግረኸኛል?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ። ረሱት እንዴ?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁ ብቻ ሳይሆን ሴትዮዋ የገዛ ጭንቅላታቸውን እንዲጠራጠሩ አደረግኩ። በዚያ ቀን ብዙ ጊዜ መነጋገራችን እውነት ነበርና፣ «እንግዲህ ዘንግቼው ይሆናል» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ከኃላፊነታቸው ወረዱ። ሆስፒታል ሄደው የዳንጊሶን አልጋ ይዘው «ይቅር በለኝ» እያሉ ሲያለቅሱ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እመለከት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከፍርሃት ጋር ነው የምኖረው። ሰማዩ ሲጠቁር መስኮቱን እዘጋለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሣም። መናኸሪያ አካባቢ በክራንች የሚሄድ ሰው ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የወይዘሮ አሰለፈች ደግነት ነበር፤ በየበዓሉ ደውለው ልጆቼን በስም እየጠሩ ይጠይቁኛል።

ሰሞኑን ቤታቸው ጠሩኝ። አስገብተውኝ በሩን ቆለፉና መቆለፉን ደግመው ደጋግመው ነካክተው አዩ።

«ልጄ አዲስ አበባ ልትወስደኝ ነው» አሉኝ። «ብቻሽን መኖር አትችዪም፣ ቤቱም ይሸጥ ትላለች። እውነቷን ነው። ምድጃ ማጥፋቴን እንኳ አላምን ብዬ ከታክሲ ወርጄ እመለሳለሁ። ያ ሰው እግሩን ካጣ ወዲህ ራሴን አላምነውም። መርሳት የሚሉት በሽታ ሳይሆን አይቀርም።»

ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። አሁንም ዝም ብዬ ልወጣ አስቤ ነበር፤ ይህንንም እወቁልኝ።

«አልደወልኩም» አልኩ። «ያን ቀን ስለ ቦዩ አልነገርኩዎትም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ይጮኻሉ፣ ጎረቤት ይጠራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እንግዲያው አልረሳሁም ነበር?»

«አልረሱም።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። ልጠጋ ስል በእጃቸው መለሱኝ። ሲበቃቸው ተነሥተው በሩን ከፈቱ።

«ዳንጊሶ እኔ እንዳጠፋሁ ነው የሚያውቀው» አሉ። «ሄደህ አንተ ራስህ ንገረው። ለአለቃህም ንገር።»

ነገ እሄዳለሁ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሕግ ምን እንደሚያደርገኝም አላውቅም። እፈራለሁ፤ ይህን ስጽፍም እፈራለሁ። ግን ፈርቼ ነው ብዬ እንዳመልጥ አትፍቀዱልኝ። የሰውየውን እግር የወሰደው ኩርፊያዬ ነው፤ የሴትዮዋን ዕድሜ የበላው ፍርሃቴ ነው። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልለምንም። ይቅርታው የሁለት ሰዎች ነው፤ አንደኛዋ እስካሁን አልሰጡኝም፣ ሌላው ገና አልሰማም።