ቀጭኗ ድምፅ

ሰመራ ላይ ከሰዓት በኋላ ቬንቲሌተር የሚያጠፋ ሰው ወይ ታሟል ወይ አብዷል ይባላል። እኔ ግን አጠፋ ነበር። በሩን ዘግቼ፣ መስኮቱን ጋርጄ፣ በስስ ቀሚስ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ እልና፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ የላፕቶፕ ጌም ሙዚቃ እሰማለሁ። ጎረቤቶቻችን ምን ነክቷት ነው ይሉ ነበር። ምን ላድርግ፣ ያ ጥግ ላይ የቆመው ቬንቲሌተራችን ሲዞር ሙዚቃውን ይበላብኛል፤ ከሙዚቃው ደግሞ በጣም የምወደውን ቀጭኑን ነው የሚበላው።

ጌሙ የኔ አልነበረም። አብራኝ የምትኖረው የወሎ ልጅ ናት ያመጣችው። እኔ አማርኛ በማስተምርበት ትምህርት ቤት እሷ ኮምፒውተር ታስተምር ነበር። ሰላት የማታሳልፍ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ሰው ናት፤ ላፕቶፑ ፊት ስትቀመጥ ግን ጭራቅ በሰይፍ ትከታትፋለች። ጌሙ ውስጥ ሰይፍ የያዘ ሰውዬ አለ፣ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚዞር። እኔም አንዴ ሞክሬ ነበር፤ ጭራቁ ገና ብቅ ሲል ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ተጫንኩና ሰውዬውን ገደል ከተትኩት። ድሮም ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ሦስቴ ተመልሼ የማይ፣ ስልክ ሲጠራ ማን ሞተ የምል ሰው ነኝ።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጣሪያው የማይታይ አንድ ትልቅ አዳራሽ አለ። ሰውዬው እዚያ ሲገባ ጠላት አይመጣበትም፤ መዘምራን ብቻ ናቸው የሚነሱት። መጀመሪያ ወፍራም የወንዶች ድምፅ፣ ከሥሩ ማሲንቆ የሚመስል ግን ሃምሳ ሆኖ በአንዴ የሚመታ የክር ድምፅ። ከዚያ ሴቶቹ ይገባሉ። ሁሉም ሞልተው ሲያበቁ፣ አንዲት ቀጭን ድምፅ ብቻዋን ከላያቸው ትነሳለች። እኔ ደብረ ብርሃን ሰንበት ትምህርት ቤት በከበሮ ያደግሁ ነኝ፤ እኛ ስንዘምር ሁላችንም አንድ ዜማ ነው የምንይዘው። አራት ሰው በአንዴ አራት የተለያየ ነገር ሲል የማውቀው የመምህራን ስብሰባ ላይ ነው። እነዚህ ግን የየራሳቸውን ይዘው ሳይጣሉ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የምልጠውን ሽንኩርት እጄ ላይ ይዤ ቀረሁ።

ደስታዬም ቢሆን ያለ ስጋት አይሆንልኝም። ቋንቋውን አላውቀውም፤ እነዚህ ሰዎች ሰይጣን እያመሰገኑ ቢሆንስ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጨነቅሁ። ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። ሰይጣን ቢሆን ኖሮ ጭራቆቹ እዚያ አዳራሽ ለመግባት ይፈሩ ነበር ወይ አለችኝ። አሳመነችኝ ማለት አልችልም፣ ግን ተውኩት። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሰውዬውን አዳራሹ መሃል ታቆምልኝና ሰላቷን ልትሰግድ ጓዳ ትገባለች፤ እኔ ደግሞ ቬንቲሌተሩን አጥፍቼ እሰማለሁ። ቀጭኗ ድምፅ የምትነሳበትን ቦታ ከመልመዴ ብዛት ከመነሳቷ በፊት ትንፋሼን እይዛለሁ።

በዚያው ዓመት ለፈተና ፈታኝነት መልካ ወረር ተላክሁ። ያሳደሩኝ ጥጥ እርሻው ዳር ባለ የእንግዳ ክፍል ነበር፤ የመስኖው ቦይ ከመስኮቴ ሥር ያልፋል። አጎበሩ አንድ ቦታ ተቀዷል፤ በፀጉር ማስያዣ ወጋግቼው ተኛሁ። ሰመራ ከመምጣቴ በፊት አዋሽ ሰባት ሦስት ዓመት አስተምሬ ወባ ነክቶኝ አያውቅም ነበርና በዚያ እኩራራ ነበር። ከተመለስኩ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። በሰመራ ሙቀት ብርድ ልብስ ሥር ተንቀጠቀጥኩ።

መጀመሪያ የሰጡኝ መድኃኒት አላቆመልኝም። አጠገባችን ያለችው ሎጊያ ከተማ ጤና ጣቢያ ስመለስ ኩዊኒን የሚባለውን መራራ እንክብል ሰጡኝ፤ በቀን ሦስቴ ለሰባት ቀን። ነርሷ ደግ ሴት ናት። ጆሮሽ ይጮህብሻል፣ መስማትም ሊቀንስብሽ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን "ይመለሳል" የሚለውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ይዤ የሄድኩት "ብዙውን ጊዜ" የሚለውን ነው።

በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ ጭው ማለት ጀመረ፤ ግራው ባሰበት። ከዚህስ ወባው ይሻለኛል፣ ላቁመው አልኩ። ጓደኛዬ ግን እንዲህ ያለ ነገር አትሰማም። ሎጊያ ውስጥ መድኃኒቱን አቋርጦ ወባው አናቱ ላይ የወጣበት አንድ የመኪና ረዳት ታውቅ ነበር፤ እሱን ደጋግማ እየተረከችልኝ ውሃ ይዛ አጠገቤ ትቆማለች። እስክውጥ ንቅንቅ የለም። ምላስሽን አሳዪኝ ሁሉ ትለኝ ነበር፣ እንደ ሕፃን። እየተነጫነጭኩ ጨረስኩ፤ ትኩሳቱም ለቀቀኝ።

በእግሬ መቆም እንደቻልኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ቬንቲሌተሩን ማጥፋት ነው። ሰውዬውን አቆመችልኝና ወጣች። ወንዶቹ መጡ። ሴቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነው እንደሚዘምሩ ሆነው መጡ። ቀጭኗ የምትነሳበት ቦታ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ቦታው ባዶ ነው። ጭው የሚለው የራሴ ጆሮ ብቻ አለ። ስትመለስ እንዴት ነበር አለችኝ፤ ደስ ይላል አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ራሴን እፈትን ጀመር። የጆሮ ማዳመጫውን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። በግራ ምንም የለም። በቀኝ አንዳንዴ እንደ ክር የቀጠነ ነገር የሰማሁ ይመስለኛል፤ ነገ ደግሞ ይጠፋል። የሰው ንግግር አፍ አፉን እያየሁ እይዘዋለሁ፣ አስመስላለሁ። ሙዚቃው ግን አፍ የለውም፤ እሱን ማታለል አይቻልም። ትምህርት ቤታችን ደወል ብሎ የሰቀለው የከባድ መኪና ቸርኬ ነው፣ ሲመታ መንገድ ላይ ያለ ሹፌር እንኳ ዞሮ ያያል። አንድ ቀን ክፍለ ጊዜው ካለቀ በኋላ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ዘግተው እርስ በርስ ሲተያዩ ነው የገባኝ። እኔ ቃል እየጠራሁ የማስጽፍ፣ ሲያነቡ ሰምቼ የማርም ሰው ነኝ፤ ካልሰማሁ ምን ልሆን ነው? ለእናቴስ በስልክ ምን እላታለሁ፣ ድምጿንስ በምን እሰማዋለሁ? እንቅልፍ አጣሁ። የጆሮ ሐኪም አዲስ አበባ ካልሆነ የለም፤ ነርሷም መጀመሪያ አንድ ወር ጠብቂ ብላኛለች።

ጓደኛዬ የደረሰችብኝ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ነው። ከኋላዬ ሦስቴ ጠርታኝ ኖሯል። ዞራ ፊት ለፊቴ መጥታ ቁጢጥ አለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

እጄ በሳሙና እንደተነከረ፣ ስንት ቀን ያፈንኩት ፍርሃት በአንዴ ገንፍሎ ወጣ።

"ጨርሺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ" አልኳት። "አቁሜው ቢሆን ኖሮ ጆሮዬ አይሞትም ነበር።"

የታጠበውን ልብስ ከሳህኑ አንስታ ልታሰጣ ወጣች። ነርሷም ጨርሺ ብላኝ እንደነበር፣ ወባው ሊገድለኝ ይችል እንደነበር አላጣሁትም። እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። ይቅርታም አልጠየቅሁም፤ በዚያ ሰሞን ከፍርሃቴ ሌላ ለማንም ቦታ አልነበረኝም። እሷ ከዚያ በኋላ ቀልድ ተወች። ስታናግረኝ ፊት ለፊት ትቆማለች፣ ቀስ ብላ ታወራለች፣ ያ ደግሞ ይበልጥ ያበሳጨኛል።

መድኃኒቱን ከጨረስኩ በአሥረኛው ቀን ይመስለኛል፣ እሷ ሰውዬውን አቁማልኝ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ቬንቲሌተሩን አጠፋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንዶቹ መጡ፣ ሴቶቹ መጡ። ከዚያ ቀጭኗ ተነሳች። ጥርት ብላ፣ ድሮ እንደማውቃት። እንባዬ ዝርግፍ አለ። አምላኬ ተመስገን እያልኩ አንዴ ሰማኋት፣ እንደገና ሰማኋት፣ ሮጬ ሄጄ ለጓደኛዬ ልነግራት ዓይኔን ገለጥኩ። ላፕቶፑ ጠፍቷል። ስክሪኑ ጥቁር ነው። መብራት ከሄደ ቆይቷል፣ ቬንቲሌተሩን አስቀድሜ በማጥፋቴ አላወቅሁም፣ አሮጌው ባትሪም አልቋል። መዳፌን ስፒከሩ ላይ ጫንኩ፤ አይንቀጠቀጥም። እኔ ግን አሁንም እየሰማኋት ነበር።

እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። እስካሁን በቀኝ ጆሮዬ ሰማሁ ያልኩትስ? ወንዶቹስ? ሴቶቹስ? ሁሉንም በልቤ ስለማውቀው የትኛው ከውጭ እንደሚመጣ፣ የትኛው ከራሴ እንደሆነ መለያ አጣሁ። ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ይህን ጊዜ አልተቆጣሁም፣ አቅሙም አልነበረኝም።

"አብሽሪ" አለችኝ። "የምታውቂው ዜማ ይሸነግልሻል። የማታውቂው ነው የሚያስፈልግሽ።"

ሬዲዮ ሞከርን። ዘፈኑ ሁሉ ወይ የማውቀው ነው፣ ወይ ከማውቀው ጋር እየተመሳሰለ ቀድሜ እገምተዋለሁ። ያኔ ነው ድልድዩን ያነሳችው። ከአዳራሹ ጀርባ ረጅም ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ላይ መዶሻ የያዘ አንድ ግዙፍ ጭራቅ ቆሟል። እሱን አልፋ ማዶ የሚታየው ሌላ አዳራሽ መግባት ነበረባት፤ ያ ግዙፍ ግን ዓመት ሙሉ ሲገድላት የኖረ ነው። ማዶ ያለውን አዳራሽ እሷም አይታው አታውቅም። እዚያም መዘምራን መኖራቸውን በምን ታውቂያለሽ ስላት ኢንሻ አላህ ይኖራሉ አለች።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ተዋጋች። ድሮ ስትሞት በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ አሁን አትስቅም። የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ ስትሞት ትጀምራለች፣ ስትሞት ትጀምራለች። ምሳ ቀረበላት፣ አልነካችውም። ለሰላት ትነሳና ተመልሳ ትቀመጣለች። አሁንስ ተይው፣ ጌም እኮ ነው አልኳት። ዞርም ብላ አላየችኝ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግዙፉን እያየሁ የጆሮዬን ዕጣ የያዘው እሱ ይመስለኝ ጀመር፤ መዶሻውን ባነሳ ቁጥር ትራሴን ጭምቅ አደርጋለሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወርድ የግዙፉ ጉልበት ሲታጠፍ አየሁ። ድልድዩ ላይ በፊቱ ተደፋ። እልል የምትል መስሎኝ ነበር፤ ግንባሯን በእጅጌዋ ጠረገችና ቬንቲሌተሩን እንዳጠፋ በእጇ አሳየችኝ። ሰውዬውን አዲሱ በር ላይ አቆመችው።

"ዓይንሽን ጨፍኚ። ቀጭን ድምፅ ስትሰሚ እጅሽን አንሺ። እኔ አይሻለሁ።"

በሩ ተከፈተ። ዝም። ቆየ። ወንዶቹን ጠበቅሁ፣ አልመጡም። የሆነ ወፍራም የክር ድምፅ ወለሉን ተከትሎ መጣ፣ እሱን በሲሚንቶው በኩል በእግሬም ሰማሁት። ከዚያ ጭውታዬ ብቻ። አለቀልኝ አልኩ። ይኸው መዘምራኑ እየዘመሩ ነው፣ እኔ ነኝ የማልሰማው አልኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በዚህ መሃል ከጭውታው በላይ፣ በጣም ሩቅ፣ የሆነ ነገር ተነሳ። ትዝታ ነው ብዬ ልገፋው ሞከርኩ። ይወርዳል ስል ወጣ። ይቆማል ስል ታጥፎ ሌላ መንገድ ያዘ። አንድም ቦታ ላይ ልቀድመው አልቻልኩም። ይህን ከየት ላውቀው እችላለሁ? እጄን አነሳሁ።

ዓይኔን ስገልጥ የሷ እጅ ጭኗ ላይ ነው። አንገቷን ወደ ስፒከሩ አዘንብላ፣ ግንባሯን ቋጥራ ታዳምጣለች። እንደገና ከጭንቅላቴ ነው የሰማሁት ማለት ነው። ያነሳሁትን እጄን ማውረድ ጀመርኩ። ከዚያ የሷም እጅ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ።

"ቀደምሽኝ" አለች።

ላቅፋት ይገባ ነበር፤ ከነነጠላዬ ደርቄ ቀረሁ። እሷ ብድግ ብላ ሞቀኝ አለችና ቬንቲሌተሩን ከፈተችው፣ መጨረሻው ድረስ። ፊቷን ወደሱ፣ ጀርባዋን ወደኔ አድርጋ ቆመች። ሻሿ ይርገበገባል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ሙዚቃውን ጨርሶ ዋጠው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር ግን ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። አፏን በሻሿ አፍና እያለቀሰች ነው። እንዳልሰማት ብላ ነው ቬንቲሌተሩን የከፈተችው። ለካ ያን ልብስ ያጠብኩ ቀን የተናገርኩትን ይዛ ነው ሦስት ቀን ከግዙፉ ጋር የከረመችው።

ተነስቼ ቬንቲሌተሩን አጠፋሁትና ይቅርታ አልኳት።