የእትዬ ዙለይኻ መጋረጃ

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው መጋረጃው ነው። ቃሊቲ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ ባለች ትንሽ ሱቅ መስኮት ላይ አበባ የታተመበት ጨርቅ ተሰቅሎ እስከ ደረት ይወርዳል። ከጨርቁ በታች ሁለት እጆች ብቻ ይታያሉ። ስኳር ይመዝናሉ፣ ሳሙና ያቀብላሉ፣ መልስ ይሰጣሉ። ፊት የለም። አንድ ቀን ከፊቴ የቆመ ሹፌር ሂሳቡን በስልክ ሊከፍል ስልኩን ከፍ ሲያደርግ እጆቹ ብርር ብለው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ።

«ልከፍል እኮ ነው እናቴ!» አለ ሹፌሩ እየሳቀ።

«ዝቅ አድርገህ ክፈል» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

ከተመረቅኩ በኋላ የተከራየኋት ክፍል ከዚያች ሱቅ ብዙም አትርቅም። ዳቦ ልገዛ በሄድኩ ቁጥር እጆቹን አያቸዋለሁ፤ ጥፍሮቻቸው እንሶስላ ሞቀዋል። በናፍጣ ጭስና በአቧራ መሐል ፊቷን ከዓለም የሰወረች ሴት! ገርሞኝ ግጥም ጀመርኩላቸው። ግጥሙን ያስጣለኝ ጎማ ጠጋኙ ገዳ ነው።

«ፊቷን ማየት ፈልገሽ ነው?» አለኝ። «ምን ችግር አለ፣ ይኸው እዚህ አለች።» ግራሶ በነካው እጁ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ታዋቂ ናት እኮ! ስንት ሰው አይቷታል መሰለሽ!»

ቪድዮው አጭር ነው። የክረምት ቀን፤ መሬቱ ጭቃ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከራስ እስከ እግራቸው ርሰው፣ ባዶ እግራቸውን፣ በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ቀልጠፍ ያለ ወጣት ማካሮኒና አንድ ጄሪካን ዘይት ጭናቸው ላይ ያስቀምጥና «ልጅዎ መጥቶ አይቶዎታል?» ይላል። «አላየኝም» ይላሉ። እዚያ ላይ ዋሽንት ይገባል። የሴትዮዋ ፊት እየቀረበ፣ እየቀረበ ይመጣና ጉንጫቸው ላይ ያለው የዝናብ ጠብታ ስክሪኑን ይሞላዋል። ከላዩ በትልቅ ቀይ ፊደል «ልጇ የጣላት እናት» ተብሎ ተጽፏል።

«እውነት ልጃቸው ጥሏቸዋል?» አልኩት።

«ማን? ሙሀመድሰዒድ? ኧረ ባክሽ! ከጅቡቲ በመጣ ቁጥር ቦቴውን መጀመሪያ የሚያቆመው እዚሁ ደጅ ነበር። ያንን ጣሪያ ማን ያለበሰው ይመስልሻል? ውሸት ነው።»

«ውሸት መሆኑን እያወቅክ ታዲያ ለምን ታሳያለህ?»

ገዳ ጥያቄው ግራ አጋባው። «ደስ ይላላ!» አለ። «ዋሽንቷ ታስለቅሳለች።»

ከዚያ በኋላ ከዚህ የባሰ ብዙ አይቻለሁ፤ የማልረሳው ግን ገዳ በደግነት ፈገግ ብሎ «ልላክልሽ?» ያለኝን ነው።

እትዬ ዙለይኻ ታሪኩን የነገሩኝ አንድ ከሰዓት ዝናብ ይዞኝ ወደ ሱቃቸው ሲያስገቡኝ ነው። የወሎ ሰው ናቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ የጀመሯትን ሱቅ ልጃቸውን አሳድገውባታል፤ ልጃቸው ደግሞ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ ሱቋን በተራው ደግፎ አቁሟታል። በዚያ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩ ገባ። የጎረቤቱ ሁሉ ዕቃ ተበላሸ። እሳቸውም የተረፈውን በዝናብ ከሱቁ እያወጡ ሳለ ያ ወጣት መጣ። ስሙ የአብስራ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የሰርግ ቪድዮ ቤት አለው።

«ጎርፍ ለገባበት ሰው ሁሉ የሚታደል መስሎኝ ተቀበልኩ» አሉኝ። «ልጅሽ አይቶሻል ወይ ሲለኝ ‘አላየኝም፣ መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ይገባል’ አልኩት። የቀረውን ምን አደረገው?»

«ቆርጦ ጣለው።»

«ቆርጦ ጣለው» ብለው ደገሙት። ቃሉን በአፋቸው እንደገባ ፀጉር ነበር የተፉት።

ሹፌሮች መንገድ ላይ አንድ ትሪ ከበው ነው የሚበሉት። ቪድዮው ከወጣ በኋላ ሙሀመድሰዒድ ሚሌ ላይ እጁን ታጥቦ ወደ ትሪው ሲጠጋ አንዱ ሹፌር እጁን ሰብስቦ ተነሳ። «እናቱን ከጣለ ጋር አልበላም» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሙሉ ትሪ ፊቱ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሀመድሰዒድ ቃሊቲን ሲያልፍ አይቆምም። በየቀኑ ለእናቱ ይደውላል፣ የሚያስፈልጋቸውን በሰው ይልካል፤ ግን አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ «ያ ቪድዮ ሳይወርድ ሰፈር አልገባም እማ። በማን ፊት ነው የማልፈው?»

እናቱን ጥሏል የተባለው ልጅ፣ ጥሏል ስለተባለ እውነትም ከደጃቸው ጠፋ፤ እሳቸውም ፊታቸውን በመጋረጃ ሸሸጉ። ይህን ሳስብ የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ።

እትዬ ዙለይኻ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አመልክተው ነበር። መርማሪው ወጣትና ትሁት ነው። «ያስጠይቀዋል እናቴ» አላቸው። «ግን በግል አቤቱታ የሚታይ ነገር ነው። እርስዎ ከታረቁ ፋይሉ ይዘጋል።» ደግሞም ምን ጉዳት እንደደረሰባቸው አስበው እንዲመጡ ነገራቸው። ለዚህ ነው ያን ቀን ስልካቸውን የሰጡኝ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሰው ከሥሩ የጻፈውን አንብቢልኝ።»

ማንበብ ጀመርኩ። «‘እማዬ አይዞሽ እኛ ልጆችሽ ነን’ ይላል። ‘ልቤ ተሰበረ’ ይላል።» የሚቀጥለው ላይ ስደርስ አለፍኩት።

«አውራ ጣትሽ ዘለለ» አሉኝ።

«ተመሳሳይ ነው እትዬ።»

«አንብቢው!»

አነበብኩት። «‘ይህን ልጅ አምላክ ከነመኪናው ገደል ይክተተው።’»

ከሥሩ አሜን ተጽፏል። ከእሱም ሥር አሜን። ወደ ታች ስገፋው አሜን፣ አሜን፣ አሜን፤ በመሐል በመሐሉ ቀይ ልቦችና ጽጌረዳዎች። ጸሎት የሚመስል ነገር ነው፤ ሰው ቁርሱን እየበላ፣ ታክሲ እየጠበቀ የጻፈው ጸሎት። እትዬ ዙለይኻ በነጠላቸው ጫፍ ስልኩን ጠረጉና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከውጭ የወንዙ ሽታ ይመጣል፤ ዝናብ ሲጥል ከፋብሪካው የሚለቀቀው፣ የበሰበሰ ቆዳ የሚመስለው። የዚያን ቀን ከሽታውና ከአሜኑ የትኛው እንደሚከፋ መለየት አቃተኝ።

የአብስራ ከፖሊስ መጥሪያ ሲደርሰው ደነገጠ። ግን ሄዶ ቪድዮውን አላጠፋም። ሽማግሌ ያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች በሱቁ ደጅ ገዳ ባመጣላቸው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መሐል ላይ ያሉት የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዱሬሳ ናቸው። ከኋላቸው የአብስራ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ትልቅ ግራጫ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እያቃሰተ መጣ። ይህ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ሲቆም፣ የተበደለው ሰው በገዛ እጁ ድንጋዩን ካወረደለት እርቅ ወረደ ማለት ነው። በልጅነቴ ብዙ ጊዜ ሰምቼው በዓይኔ አይቼው ስለማላውቅ ጠጋ አልኩ። እውነት ለመናገር ልቤ ራራለት።

ከጎኑ አንዲት ልጅ ስልክ በእንጨት ላይ ሰክታ ይዛለች። ረዳቱ ሚራክል ናት። «ቤተሰብ፣ ገብተናል!» ትላለች ለስልኩ በሹክሹክታ። «እናታችን ይቅር ትላለች ወይስ አትልም? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ላይክ እያደረጋችሁ!»

ለካ ሁሉም በቀጥታ እየተላለፈ ነው። የራራው ልቤ ተመልሶ ተዘጋ።

«ዙለይኻ» አሉ ጋሽ ዱሬሳ። «ልጁ አጥፍቷል። አላጠፋሁም አላለም። ድንጋይ ተሸክሞ ደጅሽ ወድቋል። ድንጋይ የተሸከመን ሰው የሚመልስ በዚህ ሰፈር አናውቅም።»

«ቪድዮውስ ጋሽ ዱሬሳ?» አለ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፁ።

«ይወርዳል።»

«መቼ?»

ጋሽ ዱሬሳ ወደ የአብስራ ዞሩ። የአብስራ ከጎነበሰበት አንገቱን ሳያቀና መለሰ፤ «እማዬ ሙች፣ እሱን አሁን ካወረድኩት ሰው ምን አጥፍቼ ይቅርታ እንደጠየቅኩ በምን ያውቃል? ያ ክፍል አንድ ነው፣ ይኼ ክፍል ሁለት። አብረው ነው የሚሄዱት።»



«ልጄ ቤቱ የሚገባው ክፍል ስንት ላይ ነው?» አሉ እትዬ ዙለይኻ።

ገዳ ሳቀ፤ ማንም ስላልተከተለው አቆመ። «ኧረ ያውርዱለት እትዬ ዙለይኻ፣ አንገቱ ተሰበረ እኮ!» አለች ከቆሙት አንዷ። «ሽማግሌ አትመልሺ፣ ነውር ነው» አሉ ጋሽ ዱሬሳም፣ አሁን ትንሽ ቆጣ ብለው። የሰፈሩ ሰው አጉረመረመ። ነውሩ ወዴት እንደዞረ አየሁ፤ ከየአብስራ ትከሻ ተነስቶ በሁላችን ፊት ሴትዮዋ ላይ አረፈ። አንድም ሰው ስልኩን አውርዱት አላለም።

መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ዙለይኻ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ በሩን አልፈው ወጡ። ለእርቁ ይሁን ለሽማግሌዎቹ አላውቅም፤ ሊያወርዱለት ነው የወጡት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ የስኳር ኩንታል እንደሚያነሳ ሰው እግራቸውን ከፈት አደረጉ፣ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙና በሙሉ ጉልበታቸው ብድግ አደረጉት።

ድንጋዩ ወደ ሰማይ ወጣ። ከራሳቸው በላይ አለፈ። እሳቸው ወደኋላ ተንገዳግደው የሱቁን ግድግዳ ተደገፉ።

እትዬ ዙለይኻ እጃቸው ላይ ያለውን ነገር ገልበጥ አድርገው አዩት። በአንድ ጥጉ ግራጫ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ፎም ወጥቷል። ፍርፋሪው በየአብስራ ጋቢ ላይ ተርከፍክፏል።

«የሙሽሮቹ ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ ገዳ። «እነ የአብስራ ቪድዮ ቤት፣ ፏፏቴው ጋ ያለው! እኔም ተደግፌው ፎቶ ተነስቻለሁ!»

የአብስራ ቀና አለ። ፊቱ ላይ እፍረት ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ንዴት ነው፤ ሥራው መሐል የተቋረጠበት ሰው ንዴት። «ወገቤን ያመኛል እኮ» አለ። «ደግሞ ምልክት ነው ዋናው። ድንጋይ ራሱ ምልክት አይደል እንዴ?»

እትዬ ዙለይኻ ድንጋዩን ወስደው በጋሽ ዱሬሳ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። ሽማግሌው ክብደት ጠብቀው ኖሮ እጃቸው ዘሎ ወደ ላይ ወጣ።

«ይያዙት እስቲ» አሏቸው። «አንቱ በዚህ ዕድሜዎ ይኼን ነው ተከትለው የመጡት?»

እዚያ ላይ ጋሽ ዱሬሳ ይነሳሉ፣ የአብስራን ይገስጻሉ፣ ዱላቸውን ያነሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ከጎናቸው ያሉት አንደኛው ሽማግሌ ተነስተው ሄዱ። ጋሽ ዱሬሳ ግን ያንን ፎም እንደ ሕፃን ታቅፈው መሬት መሬት እያዩ ቆዩና «ዋናው ልቡ ነው» አሉ።

በሕይወቴ ያን ያህል ያስጠላኝ ቃል የለም። በቪድዮው አልተገረምኩም ነበር እንበል፤ በአሜኑም። ይኼኛው ግን ከትልቅ ሰው አፍ፣ በለስላሳ ድምፅ፣ በእርቅ ስም ወጣ።

«እንግዲያውስ ልቡን ለፖሊሱ ያሳየው» አሉ እትዬ ዙለይኻ፣ ድንጋዩንም ከጋሽ ዱሬሳ እቅፍ መልሰው ወሰዱት። ከዚያ ወደ ሚራክል ስልክ ዞሩ። ለወራት ስልክ ሲያዩ የሚሸሹት ሴት ሁለት እርምጃ ቀረቡት። «ልጄ ሙሀመድሰዒድ ይባላል» አሉ። «አልጣለኝም።»

ሚራክል ስልኩን አወረደችው። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ፣ ሴትዮዋ ሲንገዳገዱ፣ ጎረቤት ሲንጫጫ ያልወረደ ስልክ በዚያች ቃል ላይ ወረደ። «ኔትወርክ ተቆረጠ» አለች፣ ዓይኗን ከእኔ እያሸሸች።

ሰው ተበተነ። «አበዛችው» የሚል ሰማሁ፤ «ሽማግሌ አዋረደች» የሚልም። ገዳ አግዳሚውን አነሳ። እትዬ ዙለይኻ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ የፎሙን ድንጋይ በብብታቸው ያዙ።

«አብሬዎት ልምጣ?» አልኳቸው።

«ሱቁን ጠብቂልኝ። ስኳር ለጠየቀ ስጪ፤ ሚዛኑን አትንኪብኝ፣ ያዘመመ መስሎሽ እንዳታስተካክዪው።»

«መጋረጃውንስ? ላንሳው?»

ወደ መስኮቱ አዩ። «ተዪው» አሉ። «ቪድዮው ገና አልወረደም።»

ከዚያ ወደ ጣቢያው መንገድ ሄዱ። ከባድ መኪናዎቹ በጎናቸው ሲያልፉ ነፋሱ ድንጋዩን ከብብታቸው ሊነጥቃቸው ይሞክራል፤ እሳቸው ክንዳቸውን ጠበቅ ያደርጉታል። አንድ ቦቴ ሲቃረብ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ቆም ብለው ወደ ሹፌሩ አዩ፤ ሌላ ሰው ነው። ነጭ ፍርፋሪ ከኋላቸው እየተነሳ አቧራው ውስጥ ይገባል። እስኪታጠፉ ድረስ ዞር አላሉም።