የኮረጀችው ማን ናት?

ትናንት ፈተና ስፈትን አንዲት ልጅ ዞር ብላ ለጓደኛዋ ስታንሾካሽክ አየሁና ወረቀቷን ልነጥቅ እጄን ዘረጋሁ። «ቲቸር፣ ጥያቄውን እየነገርኳት ነው» አለችኝ፣ ፍርሃት የሚባል ሳይታይባት። እኔም እንደ ሞኝ ሁለቱንም ትቻቸው ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ጓደኛዬ አስካለና እኔ ከሰፈራችን ከማንኪራ መጥተን፣ ቦንጋ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ሰባተኛ ክፍል ስንማር፣ ለሁለት አንድ ጭንቅላት ነበረን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እንግሊዝኛ ሲባል ምላሴ ይተሳሰራል፣ እሷ ደግሞ ቁጥር ስታይ ራሷን ያማታል። ስለዚህ እሷ ጥያቄውን በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ትነግረኛለች፣ እኔ አሰላለሁ፣ ከዚያ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሁለታችንም እስኪገባን ድረስ ከቤት የተላከልንን ቆጮ እየቆረስን እንጨቃጨቃለን። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ጫካ ቡና ስንለቅም አንዷ ረጅሙን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ ትይዛለች፣ ሌላዋ ትለቅማለች፤ የያዘችው አልሠራችም የሚል ሰው በሰፈራችን አልነበረም።

የሒሳብ ፈተና ቀንም የለመድነውን አደረግን፣ ያውም ሳንደበቅ። መምህራችን ሁለቱንም ወረቀት ቀደዱና የኮረጀችው ማን እንደሆነች ጠየቁ። የኮረጀ አልነበረም፤ ይህን ማለት ሲገባኝ ግን ዝም አልኩ። ፈራሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አስካለ ብድግ ብላ «እኔ ነኝ» አለች። እኔ እንደገና ተፈተንኩ፤ እሷ ወላጅ አምጪ ተባለች። አባቷ መጡ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፣ ልብሷን በፌስታል አስይዘው ወሰዷት፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

ያቺ ጠባብ ክፍል እንዴት ሰፋችብኝ! ጥያቄ አልገባ ሲለኝ ወደ ፍራሿ ዞር እላለሁ፤ ማንም የለም። መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ እያለቀስኩም ቢሆን፣ ቃል በቃል እየፈታሁ እንግሊዝኛውን ለመድኩት።

ሰኔ ላይ ሁለተኛ ወጥቼ ካርዴን ይዤ ማንኪራ ወረድኩ። አስካለን ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት። ይቅርታ ልላት ነበር አመጣጤ፤ አፌ እምቢ ሲለኝ ካርዱን ሰጠኋት። ከታች መምህሩ በእንግሊዝኛ የጻፉትን አስተያየት፣ ጽሑፋቸው ተጠላልፎ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እንደ ድሮው በካፊኖኖ ነገረችኝ።

«ብቻዋን መሥራት ለምዳለች ይላል» አለችና ካርዱን መልሳልኝ ወደ ጎመኗ ዞረች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተማርኩ፤ ዲፕሎማውም ዲግሪውም አለኝ። አልገባኝም ብዬ የምነግረው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።