አሥራ ሁለቱ የታፈኑ ቤቶች

የመንደር ምስረታው ዘመቻ በተጧጧፈበት ጊዜ ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፕላን አንሺ ነበርኩ። ፕላን አንሺ ሲባል ትልቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሌላ ሰው ያሰበውን በእርሳስና በማስመሪያ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው ሥራዬ። አለቃዬ ያላሰበበትንም ያው በንጹሕ መስመር አሰፍርለት ነበር።

አለቃዬ የክፍሉ ኃላፊ ነው። ግንበኛ ሆኖ አያውቅም፣ አናጢ ሆኖ አያውቅም፣ መሐንዲስነቱንም በሕልሙ ካላየው በስተቀር አልተማረውም። የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነበር፤ ንግግር ስለሚያውቅበት ከዚያ አንስተው የቤቶች ግንባታ ላይ አስቀመጡት። በተቀመጠ በዓመቱ ወደ አንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር ለሦስት ወር ኮርስ ላኩት። አገሩ በረዶ የሚወርድበት ነው። ሲመለስ ወፍራም ካፖርት ለብሶ፣ አንድ ቀይ ፋይል በብብቱ ይዞ ነው የመጣው። ካፖርቱን ጅማ ላይ፣ በዚያ ወበቅ፣ ላቡ ባንገቱ እየወረደ አንድ ሳምንት ሙሉ ለበሰው። ሰውየውን መናቅ የጀመርኩት የዚያን ሳምንት ይመስለኛል።

ፋይሉን አሳይቶኛል። በረዶ የተቆለለባቸው ጣሪያዎች ሥዕል አለበት። በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል እንደ ጥጥ ያለ ነገር ተነጥፎ፣ የኮርኒሱ ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኖ ይታያል። ለዚያ አገር ልክ ነው፤ ቤት ካልታፈነ ሰው ደርቆ ያድራል። አለቃዬ ግን ፋይሉን እንደ ዳዊት ነው የያዘው። በመጀመሪያው ስብሰባ ቆሞ፣ ሙቀት የአገር ሀብት እንደሆነ፣ በየቤታችን ስንጥቅ ሾልኮ የሚወጣው ሙቀት የተቆረጠ ደን እንደሆነ፣ ቤት ከታፈነ አንድ ምድጃ ከሰል ቀኑን ሙሉ እንደሚያሞቅ አስረዳን። ጅማ ውስጥ ማን ቤቱን ለማሞቅ እሳት እንደሚያነድ የጠየቀ የለም። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከጅማ አቅራቢያ ካለችው ከየቡ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ለአዲሱ መንደር አሥራ ሁለት አርአያ ቤቶች እንዲሠሩ ተወሰነ። ክዳናቸው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሳቸው ጆንያ፣ ከጆንያው በላይ ደግሞ አንድ ክንድ የሚሆን የቡና ገለባ። ገለባው በየቡና መፈልፈያው ደጃፍ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ስለሚጣል ወጪ የለውም። ክዳኑ ግድግዳው ላይ በሚያርፍበት ክፈፍ ዙሪያውን ያለው ክፍተት በጭቃና በጭድ ይመረጋል። መስኮት አንድ፣ እሱም ጠባብ።

የሚያናድደው ነገሩ ግማሽ እውነት ስላለው ነው። ቆርቆሮ ብቻውን ክፉ ነው። ቀን ላይ ራስ ያፈላል፤ ዝናብ ሲወርድበት አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማህም፤ ንጋት ላይ ደግሞ ከውስጥ አልቦት ይንጠባጠባል። በቆርቆሮውና በሰው አናት መካከል የሆነ ነገር ቢኖር መልካም ነበር። ግን አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት አገር፣ እሳቱ ቤት ውስጥ በሚነድበት ኑሮ፣ መውጫ ሳይተውለት ክዳንን መድፈን ሰውን በድስት ከድኖ እንደ መጣድ ነው። የድሮው የሣር ቤት ጭሱን በራሱ በሣሩ በኩል ቀስ እያለ ያስወጣ ነበር። ይህን ለማወቅ ኮርስ አያስፈልግም፤ ወደ ማንኛውም የገጠር ቤት ተጠግቶ ቀና ማለት ይበቃል። አለቃዬ ግን ቀና የሚለው ሰብሳቢ ሲያይ ብቻ ነው።

የአናጢዎቹ አለቃ የጅማ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ከሰቃ እስከ የቡ እጃቸው ያላረፈበት ቤት የለም ይባልላቸዋል። ፕላኑን ተቀብለው በሄዱ በማግስቱ ወረቀቱን ጠቅልለው ቢሮ መጡ። ኮፍያቸውን አስተካክለው ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ፤ አለቃዬ ተቀመጡ አላላቸውም።

«ጓድ፣ ጭሱ በየት ይወጣል?» አሉ።

አለቃዬ ዋናው ነገር ምንም እንዳይወጣ መሆኑን ነገራቸው።

«መንኒስ ሀፉራ ባፈታ» አሉ ሽማግሌው በኦሮምኛ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ደገሙት። «ቤትም ይተነፍሳል፣ ኢልመኮ፣ ልጄ። ከታች ይስባል፣ ከላይ ያወጣል። ገለባውም ከረጠበ ይሸታል፣ ይከብዳል።»

አለቃዬ ሳቀ። ይህ በትክክል ዘመቻው ሊያጠፋው የተነሣው ኋላ ቀር አስተሳሰብ መሆኑን፣ በሠለጠነው ዓለም በጥናት የተረጋገጠ ጉዳይ በልማድ እንደማይሻር አስረዳቸው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለው ተረት እስከ ምላሴ መጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ የተማርክ ነህ። ምን ትላለህ?»

ሽማግሌውም አዩኝ። ሊከተል የሚችለውን አሰብኩ፤ ደመወዜን አሰብኩ፤ በዚያ ዘመን ‹ዘመቻውን አደናቀፈ› የተባለ ሰው የት እንደሚገባ አሰብኩ።

«ፕላኑ ትክክል ነው፣ ጓድ» አልኩ።

ሽማግሌው ወረቀቱን መልሰው ጠቀለሉ። እሺ ብለው ወጡ።

ቤቶቹ ተሠሩ። አለቃዬ የሥራውን ጥራት የሚቆጣጠርበት የራሱ ዘዴ ነበረው። በእኩለ ቀን ቤት ውስጥ ይገባና በሩንና መስኮቱን ያዘጋል። ጨለማው ውስጥ ቆሞ ብርሃን የሚገባበትን ይፈልጋል። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካየ በያዘው ሸንበቆ ይጠቁማል፤ አናጢዎቹ መሰላል ተሸክመው ጭቃ ይመርጉበታል። አሥራ ሁለቱንም ቤት እንዲህ አደረገ። ከመጨረሻው ቤት ሲወጣ ፊቱ በላብ ታጥቦ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር። ይህን ላብ ምን እንዳመጣው ራሱን የጠየቀ አይመስለኝም።

በመንደሩ እንዲሰፍሩ የታዘዙት ገበሬዎች ከየነባር ቀያቸው ተነሥተው ገቡ። ክረምቱ ሲገባ ለሥራ በሄድኩ ቁጥር የማየው እየባሰ ሄደ። ሴቶቹ ዓይናቸው ቀልቷል። ግድግዳው ላይ ወደ ኮርኒሱ ጠጋ ብሎ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። ገለባው ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበውን ላብ ጠጥቶ፣ ጆንያው እንደ ጠገበ ላም ሆድ ወርዷል። ሽታው የኮመጠጠ የቡና ሽታ ነው፤ ልብስ ላይ ተጣብቆ ጅማ ድረስ ይከተላል። ሁለት ሦስት አባወራዎች ሊለምኑ ቢሮ ድረስ መጥተው ነበር። አለቃዬ ገና ስላልለመዱት ነው ብሎ መለሳቸው። ይልቅ መንደሩ ድረስ ሄዶ ሕዝቡን ሰበሰበና በርና መስኮት እየከፈቱ ሙቀት የሚያባክኑትን ወቀሰ።

አንድ ጠዋት፣ ሐምሌ ላይ፣ ለተጨማሪ ቤቶች ቦታ ለመለካት ከሽማግሌው አናጢ ጋር ወደዚያው ሄድኩ። ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ ገና ያካፋል። በሦስተኛው ቤት በኩል ስናልፍ በሩ ተዘግቶ ከውጭ በድንጋይ ተደግፏል፤ መስኮቱም ዝግ ነው። ሽማግሌው ቆሙ። በዚያ ቤት የስድስት ቀን አራስ እንዳለች ያውቃሉ። ቀረብ ብለው በኦሮምኛ ተጣሩ። መልስ የለም። እንደገና ተጣሩ። ከዚያ ድንጋዩን በእግራቸው ገፉት።

በሩ ሲከፈት ፊቴን የመታኝን አየር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጭስ እንኳን አልነበረም፤ ሙቅ፣ ከባድ፣ ባዶ የሆነ ነገር ነበር። መሬት ላይ ምድጃ ሙሉ ከሰል ግሟል። ሴትዮዋ መደቡ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ አፏ ተከፍቷል፤ ሕፃኑ በክንዷ ላይ ነው።

«ልጁን ያዝ» አሉኝ።

ልጁን ይዤ ወጣሁ። አንገቱ ልፍስፍስ ብሏል፤ የከንፈሩ ቀለም ተለውጧል። ሽማግሌው ሴትዮዋን በብብቷ ይዘው እየጎተቱ አወጧትና ጭቃው ላይ፣ ካፊያው ውስጥ አስተኟት። እኔ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ ሕፃኑን ወደ ነፋሱ አዙሬ ጀርባውን አሻሸዋለሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ አንድ ጊዜ ጭብጥ አለና አስነጠሰ፤ ቀጥሎ አለቀሰ። እንደዚያ ቀጭን ሆኖ እንደዚያ ያስደሰተኝ ድምፅ የለም። እናትየዋ የልጁን ልቅሶ ሰምታ ይሁን በዝናቡ አላውቅም፣ ዓይኗን ገለጠች፤ አስመለሳት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው፣ ሁለት ጊዜ። 

አማቷ ውኃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን ከነውኃው ጣለችው። አራሷን ብርድ እንዳይመታት ከሰሉን ያቀጣጠለችው፣ በሩን የደገፈችው እሷ ናት። እያለቀሰች የነገረችን እንዲህ ነው፤ ጓዱ በስብሰባው እንዳስተማረው ነው ያደረገችው፣ ቤቱን ዘግታ፣ አንድ ምድጃ ብቻ አንድዳ። ሌላ ጊዜ በአሮጌው ጎጆዋ ለሰባት ልጆቿ አራስ ሆና ስትተኛ እሳት ሌት ተቀን ሲነድ ምንም አግኝቷት አያውቅም።

ሽማግሌው መጥረቢያቸውን አንሥተው መሰላል ጠየቁ። ክፈፉ ላይ ወጥተው የተመረገውን ጭቃ ይመቱት ጀመር። ጭቃው ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ወደቀ። አስቀድሞ ማንንም አላስፈቀዱም፤ እኔም ተዉ አላልኳቸውም፤ መሰላሉን ያዝኩ። የመንደሩ ወንዶች ሲያዩ እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ሮጡ። በዚያ ቀንና በማግስቱ አሥራ ሁለቱም ቤት ተከፈተ። ሽማግሌው በሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ላይ፣ ከጣሪያው ጫፍ ሥር፣ በጣም ከፍ ብሎ፣ አንዳንድ መስኮት የሚያህል ቀዳዳ አስከፈቱ፤ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ጠለፉት። የበሰበሰውን ገለባ አውርደው ማዳበሪያ እንዲሆን በአካባቢው የቡና ተክል ሥር አስደፉት። ጆንያውን አጥበው፣ አድርቀው፣ በኖራ ቀብተው ብቻውን ወጠሩት። ነፋሱ በክፈፉ ገብቶ በቆርቆሮውና በጆንያው መካከል አልፎ በላይኛው ቀዳዳ ይወጣል። ቀን ላይ ገብቼ ቆምኩበት። ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ እየነደደ፣ ከታች ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ቀዩ ፋይል ውስጥ ከነበረው ሥዕል አንዱ ላይ፣ እዚያው በረዷማው አገር፣ ከጣሪያው ጫፍ ሥር እንዲህ ያለ ቀዳዳ ተስሎ እንደነበረ ያኔ ትዝ አለኝ። አለቃዬ አላየውም ነበር። እኔ ግን አይቼው ነበር።

ሪፖርቱን ራሴ አቀረብኩ። አለቃዬ ስለ ሴትዮዋም ስለ ሕፃኑም አልጠየቀም። አሻጥር ነው አለ። ሽማግሌው የመንግሥት ንብረት በማፍረስ እንደሚጠየቁ፣ እኔም በዝምታዬ እንደምጠየቅ ነገረኝ፤ ደብዳቤውን ማርቀቅ ጀምሮ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ትልልቅ ሰዎች መንደሩን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተሰማና ደብዳቤው መሳቢያ ገባ።

እንግዶቹ በላንድሮቨር መጡ። ፀሐይ የወጣበት ቀን ነበር። ከመካከላቸው ዋናው፣ ወፈር ያለ ሰው፣ ሦስተኛው ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ፣ ከውጭው ይህ እንደሚሻል ተናገረ። ቀና ብሎ ቀርከሃውን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አለቃዬ ዓይኑን እንኳን አላሸም።

«ይህ በጥናት የደረስንበት የአየር ማስተላለፊያ ነው፣ ጓድ።»

ሽማግሌው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። እኔና አለቃዬ የምናውቀውን ሁሉ እሳቸውም ያውቃሉ። ወፍራሙ ሰው ወደ እሳቸው ዞሮ «አባባ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» አላቸው። ቤቱ አሁን ይተነፍሳል ብለው መለሱ። ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሳቀው አለቃዬ ነው።

በማግስቱ ፕላኑን እንደገና እንዳነሣ አዘዘኝ። ክፈፉን ክፍት አድርጌ፣ ከላይ ቀዳዳውን ከነቀርከሃው አሰመርኩ። ከታች፣ የሐሳቡ ባለቤት በሚለው ቦታ የራሱን ስም አጻፈኝ። እጄ ያን ስም ሲጽፍ ቆንጆ አድርጎ ነው የጻፈው፤ ፊደሌን ሁልጊዜም ያመሰግኑኛል። ዓመት ሳይሞላ ሰውየው በዕድገት አዲስ አበባ ተዛወረ። ሲሸኝ የቢሮው ሰው አዋጥቶ ሰንጋ ጣለለት፤ በልቻለሁ።

ከሽኝቱ በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ የበር መቃን እየላጉ አገኘኋቸው። ያኔ በቢሮው ውስጥ ስላልኩት ቃል ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኳቸው። መላጊያቸውን አቆሙ።

«አንተ አይሆንም ብትል ያባርሩህ ነበር፤ ቤቱ ያው ይሠራ ነበር» አሉኝ።

ለእንግዶቹ እውነቱን ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው። ቤቱ ተከፍቷል፣ ከዚያ ወዲያ የሚናገሩት ነገር እንደሌለ ነገሩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቆሜ ትንሽ ካየሁ በኋላ የመቃኑን ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩላቸው።

‹ቤቱ ያው ይሠራ ነበር› ያሉኝ ሊያጽናኑኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አልተጽናናሁም። ሰውየውን መናቅ ቀላል ነበር፤ ማንም ሊንቀው ይችል ነበር፤ ካፖርቱ ብቻ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ቢያንስ አያውቅም ነበር። እርሳሱን የያዘው፣ ሥዕሉን ያየው፣ ዐውቆ ትክክል ነው ያለው እኔ ነኝ።

መንደር ምስረታው ሲፈርስ ሰዎቹ ቆርቆሯቸውን ነቅለው በአህያና በትከሻ ወደየነባር ቀያቸው ተመለሱ። አራሷ የነበረችውን ሴት አንድ ጊዜ የየቡ ገበያ ላይ አግኝቻታለሁ። ልጁ አጠገቧ ቆሞ ሸንኮራ ይበላ ነበር። አላወቀችኝም። ሸንኮራውን ከየት እንደገዙት ጠየቅኳት፤ በእጇ ጠቆመችኝ።